ብስክሌቷና ሐውልቱ

ሐይቅ ከተማ ቁጭ ብሎ የዴ ሲካን ፊልም «የብስክሌት ሌቦች»ን የሚያይ የወሎ ሰው እንባው አልመጣ ቢለው አይፈረድበትም። አንቶኒዮ ትንሹን ልጁን ብሩኖን አስከትሎ የተሰረቀች ብስክሌቱን ፍለጋ ሮማን ያስሳል፤ ተስፋ ቆርጦ ራሱም አንዷን ይዞ ሲፈተለክ ሕዝቡ ግር ብሎ ያንቀዋል። ፊልሙ በወጣበት 1948 (በፈረንጆቹ)፣ ጣሊያን ዘርፋ የወሰደችው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት እዚያው ሮማ ተገትሯል፤ የእሱን ሌባ ግን ማን አነቀለት? ጣሊያን በፈረመችው የ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ይመለስ የተባለው በ2005 መጣ። ለእኛ ትዕይንቱን የሰረቀው ይኸው ሚና ያልተሰጠው ሐውልት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ለፈረንጅ ሲያሳዩ እጅ እጁን ቢያዩት ታዲያ ምን ያስገርማል?