ተመላሹ ተማሪ በጥቅምት፦ የመስክ ጥናት

ጥቅምት ሲጠባ በየግቢው አንድ ለየት ያለ የተማሪ ዝርያ ብቅ ይላል። ፍሬሽ እንዳይባል የዶርሙን መንገድ ያውቃል፤ ሲኒየር እንዳይባል ደግሞ በልቶ ሲጨርስ ትሪውን ይዞ ዙሪያውን ይቃኛል። የዚህ ጥናት ዓላማ አንድ ሴሚስተር ጀርመን ተምሮ የተመለሰውን ይህን ፍጡር በቅርብ መመርመርና ለዶርም ጓደኞቹ መላ መጠቆም ነው።

ተመላሽነት በአገራችን የቆየ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ ወጣት ቤተ መንግሥት ገብቶ እጅ ይነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ሲያስተምር ይከርምና ትምህርቱን ለመጨረስ ይመለስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ «መምህር» እየተባለ ከርሞ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ያው ተሰላፊ ነበር። የዛሬውን ተመላሽ የሚቀበለው ፕሮክተሩ ነው፤ እሱም ስለ ጀርመን አይጠይቅም። «ክሊራንስህን አምጣ» ይላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው «እዚያ» ነው። እዚያ ባቡሩ፣ እዚያ ላይብረሪው፣ እዚያ ዳቦው። ዶርሙ ይህን የሚታገሠው በመጣው ቸኮሌት ልክ ነው። ቸኮሌቱ ባለቀ ማግስት ከላይኛው አልጋ «ታዲያ ምን አመጣህ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ድምፅ በኋላ የ«እዚያ» ብዛት በግማሽ እንደሚቀንስ ታዝበናል። (ቸኮሌት ያላመጣ ተመላሽ ለጥናቱ አልተገኘም፤ ቢገኝም ዶርም የሚያስገባው ያለ አይመስለንም።)

ሁለተኛው ምልክት ባዶ ሃይላንድ መሰብሰብ ነው። ጀርመን ውስጥ የውሃ ፕላስቲክ የሚገዛ ሰው 25 ሳንቲም ዩሮ መያዣ ይከፍላል፤ ባዶውን ሱፐርማርኬት ወስዶ ማሽን ሲያጎርሰው ገንዘቡ ይመለስለታል። ይህን የለመደ እጅ ሃይላንድ መጣል አይሆንለትም። ናሙናችን በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋው ሥር አሥራ አንድ ባዶ ሃይላንድ ደርድሮ ተገኝቷል። የት እንደሚወስዳቸው ሲጠየቅ ዝም አለ። ጓደኞቹ ግን ነገሩን እንደ በሽታ አላዩትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዶርም አሥራ አንድ ሃይላንድ ትልቅ ሀብት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያንኮራፋ ተነሥተው ሁሉንም ሞሉ፤ ጠዋት እሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲል አንዱን ብቻ፣ ያውም እየገላመጡት፣ ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈረቃውን ሰዓት ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ብርዱ ብዙ አንልም። ተመላሽ በጥቅምት ማለዳ በካናቴራ ይወጣል፣ «ይሄም ብርድ ተብሎ!» ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ጋቢ ተከናንቦ ዝንጅብል ሻይ ሲጠጣ ይገኛል።

የወረቀቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር የአንድ ሴሚስተር ጭነት 30 ክሬዲት ነው። ናሙናችን ሠላሳውንም አሟልቶ ትምህርት ክፍል አቀረበ። የየኮርሱን አውትላይን አምጣ ተባለ፤ አመጣ። በጀርመንኛ ነው፣ ይተርጎም ተባለ፤ ተተረጎመ። የተተረጎመው ማኅተም የለውም ተባለ። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው። ናሙናችን እዚያ ስለ ሕግ ፍልስፍና ያዳመጠው ሁሉ እስካሁን እንዳልተማረው ይቆጠራል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ተምሮታል።

በጣም ሥር የሰደደው ምልክት ግን ሰዓት ማክበር ነው። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች «የአካዳሚ ሩብ ሰዓት» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ለአራት ሰዓት የተያዘ ትምህርት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ይጀመራል። ማርፈድም ደንብ ወጥቶለታል ማለት ነው፤ በዘፈቀደ አያረፍዱም። በእኛ ግቢ ሁለት ሰዓት የተባለ ክፍል ሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ነገ ሊሆን ይችላል፣ በቴሌግራም ተሰርዞም ሊሆን ይችላል። ናሙናችን ባዶ ክፍል ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ብቻውን ተቀምጦ በተደጋጋሚ ታይቷል። እሷም እግሩን እንዲያነሣ ከመጠየቅ በቀር አልተናገረችውም።

የጥናቱ ውስንነት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ለማጠቃለያው ቃለ መጠይቅ ከናሙናው ጋር ላውንጅ ውስጥ ለሐሙስ ስምንት ሰዓት ተቀጣጥረን ነበር። ዘጠኝ ተኩል ሲል ጥርሱን እየፋቀ መጣ፤ ይቅርታም አልጠየቀ፣ ታክሲም አላሳበበ። «አላዘዛችሁም እንዴ?» ብሎ ወንበር ሳበ። የምርምር ቡድኑ በዕለቱ ከናሙና ዝርዝር ሰርዞታል፤ የማኪያቶውንም ሂሳብ ከፍሏል።