አባቴ በሐምቡርግ

የቋንቋ ረዳት መምህር ሆኖ ባሕር የተሻገረ ሰው ብዙ ሳይቆይ ረዳት የሚያስፈልገው ለራሱ መሆኑ ይገባዋል። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሰዋስዉን ዋናዋ መምህርት ያስተምራሉ፤ ረዳቱ «እስቲ ተናገር» ሲባል ይናገራል፣ ደብተር ያርማል፣ ተማሪ ያጫውታል። አማርኛ ደግሞ ከእናቴ ጓዳ ይዤው የወጣሁት ነው፤ አውሮፕላን ላይ እንኳ ኪሎ አያስቆጥርም። እኔም ይህንኑ ተማምኜ ሐምቡርግ ገባሁ።

ለነገሩ በዚህ ሥራ ጀርመን ከገቡ ሐበሾች እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ደርሰው ነበር። ሮም ላይ የተዋወቃቸው ወጣቱ ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ሉዶልፍ ከእሳቸው አፍ የለቀመውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በርሊን ላይ አስተምረዋል። ሁለቱም ሊቃውንት ናቸውና በዕውቀት አልፎካከራቸውም። በአባ ጎርጎርዮስ የምቀናው በሌላ ነው። የጎታው መስፍን የኤርንስት እንግዳ ስለነበሩ ቤት ፍለጋ አልዞሩም፤ መነኩሴ ስለነበሩም የአባታቸውን ስም የሚጠይቅ ቅጽ አልጠበቃቸውም።

እኔን ጠበቀኝ። ጀርመን አገር ቤት የተከራየ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ለመመዝገብ የአከራይ ፊርማ ያሻል፤ አከራይ የባንክ ሒሳብ ያለው ተከራይ ይመርጣል፤ ባንኩ የምዝገባውን ወረቀት አምጣ ይላል። እንደምንም ተሳክቶ ተራዬ ደረሰና ቅጹን ተቀበልኩ። «ስም» ይላል፤ ሞላሁ። «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የአባቴን ስም ጻፍኩበት። ከዚያች ቀን ወዲህ ጀርመን ውስጥ እኔ የለሁም፤ ያሉት አባቴ ናቸው።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ርቀው ከሄዱ ቢበዛ ግሸን ማርያም ነው፤ እሱንም ለንግሥ። ዛሬ ሐምቡርግ ላይ የጤና መድን፣ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያና በስማቸው የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አላቸው። እዚህ አገር ፖስተኛው የሚያየው የቤት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ጭምር ነው፤ ስም ከሌለ ደብዳቤው ወደመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ ደወሉም የፖስታ ሣጥኑም የአባቴ ሆነ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ብቅ አለችና «ሄር» (አቶ ማለት ነው) ብላ የአባቴን ስም ጠራች። ማንም አልተነሣም። ደግማ ጠራች። እኔም እንደ ሌላው ሰው በጉጉት ወደ በሩ ዞርኩ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው የሚገቡ መስሎኝ።

ተመዝግቤ ብዙም ሳልቆይ አባቴን የሚያከብር አንድ ደብዳቤ መጣ። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ይክፈሉ ይላል። ክፍያው በየቤቱ ነው፤ ቴሌቪዥን ኖረህ አልኖረህ፣ አየህ አላየህ ለውጥ የለውም። ለአባቴ ደወልኩ።

«አባባ፣ ጀርመን አገር ዕዳ አለብዎት።»

«የምን ዕዳ?»

«የቴሌቪዥን።»

«የት ቁጭ ብዬ ያየሁትን?»

«ባያዩም ይከፈላል።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ከከፈልኩ አይቀር፣ አንተ ቁጭ ብለህ እይልኝ» አሉኝ።

የምሠራበት ዩኒቨርሲቲም የራሱ ወግ አለው። ሰሌዳው በእነሱ ሰዓት 10 ይላል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው 10 ከሩብ ነው። ይህቺ ሩብ ሰዓት በዩኒቨርሲቲዎቻቸው ውስጥ የኖረች የታወቀች ልማድ ናት። ቀጠሮ ላይ አርፋጅ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው መጀመሪያ ስሰማ ደስ አለኝ። ኋላ ግን ሁሉም 10 ከሩብ ላይ ዝንፍ ሳይል ሲገባ አየሁ፤ ለካ እዚህ አገር መዘግየትም ሰዓቱን አክብሮ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያበቃ ተማሪዎቹ በሙሉ ጠረጴዛውን በጡጫ ይደልቁት ጀመር። ተቃውሞ ተነሣ ብዬ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ምስጋና ኖሯል፤ የሚያጨበጭቡት ቲያትር ቤት ነው።

የእኔ ዋና ድርሻ ቀን፣ ጠን፣ ጨን ማስጠራት ነው። ለዚህ የሚሆን የታወቀ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ቀጠን ያለ ወረቀት ከአፉ ፊት ይይዛል። «ተ» ሲል ወረቀቱ እንዲርገበገብ፣ «ጠ» ሲል ፀጥ እንዲል ነው። «ጠጅ» በሉ አልኩ፤ ወረቀቱ ሁሉ ተርገበገበ። «ጨው» አልኩ፤ ተርገበገበ። አንዱ ፊቱ እስኪቀላ ትንፋሹን ዋጠና ወረቀቱን ቀጥ አደረገው። ድምፁም አብሮ ቀጥ አለ። በመስኮት የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር፤ ምን ዓይነት ጸሎት መስሏቸው እንደሆነ እንጃ።

ሰላምታ ላይም እንዲሁ ነን። የሐምቡርግ ሰው ጠዋትም ማታም «ሞይን» ብሎ ያልፋል፤ «ሞይን ሞይን» ካለ ወሬኛ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን ሳይቀር አስጠይቃቸዋለሁ። አንዷ እጇን አወጣች። «ደኅና ነሽ ስባል ደኅና ካልሆንኩስ?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን በዪ፤ ሕመምሽን ቡናው ሲፈላ ትነግሪያቸዋለሽ» አልኳት። ጻፈችው።

ስም አጠራር ላይ ስንደርስ ግን ብድሬን የምመልስበት ቀን መጣ። «አማርኛ ክፍል የሚገባ ሰው የቤተሰብ ስሙን ውጭ ይተዋል። የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም፤ በቃ» አልኩ። ያቺ ጠያቂ ዮሐና ዎልፍጋንግ ሆነች። አንዱ የአባቱን ሁለት ስም ከነሰረዙ አምጥቶ የቱን ልያዝ ብሎ አስቸገረኝ። ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷን ስም እንደማትለቅ ስነግራቸው ሴቶቹ ጠረጴዛ ደለቁ። በእኛ ወግ «አቶ» የሚባለውም በራስ ስም ስለሆነ፣ እኔንም «አቶ» ብለው በስሜ ጠሩኝ። ከመጣሁ ወዲህ ስሜን ከሰው አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ነገር ማብዛት ልማዴ ስለሆነ ስለ ሰባት ቤትም አነሣሁ። አገር ቤት ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል አልኩ። ዮሐና ዎልፍጋንግ በሳምንቱ የታተመ ወረቀት ይዛ መጣች። የአገሯ አብያተ ክርስቲያናት ክርስትናውን፣ ጋብቻውን፣ ቀብሩን ለዘመናት ሲመዘግቡ ስለኖሩ ሰባቱን አልፋ ሄዳለች። ባለ ወፍጮው፣ ጫማ ሰፊው፣ መርከበኛው፣ ሁሉም ከነዓመተ ምሕረቱ ተደርድሯል። ጨርሳ «አሁን ደግሞ የእርስዎን» አለችኝ፤ ክፍሉ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሰዓቱን አየሁና «ለዛሬ ይበቃናል» አልኩ። የዚያን ሳምንት የቤት ሥራ ተሸክሞ የወጣው መምህሩ ነው።

ማታ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። አባቴ ሳይደናቀፉ እስከ ሰባተኛው ቆጠሩልኝ፤ ሰባተኛው ወታደር ነበሩ። አመስግኜ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ። «ስማቸው እንግዲህ እዚያ አገር ከገባ፣ የቴሌቪዥኑን ደብዳቤ ወደ እሳቸው አዙርልኝ። እሳቸው ግብር ጠያቂ መመለስ ያውቁበት ነበር።»