ሲ ድራይቭን ጢም አድርጎ የመሙላት ጥበብ

ዲስክን በፊልም መሙላት የጀማሪ ሥራ ነው። ማንም ያየዋል፤ ማንም ያጠፋዋል። የበሰለ ሰው ሲ ድራይቩን የሚሞላው በማይታይ ነገር ነው። ዊንዶውስም ለዚሁ የሚሆን ትጉህ ጸሐፊ መድቦልዎታል፦ የፋይሎችዎን ቃላት እየለቀመ መዝገብ የሚይዘውን ኢንዴክስ።

መጀመሪያ የሰርች ሴቲንጉን ከ«ክላሲክ» ወደ «ኢንሃንስድ» ይቀይሩ። ክላሲክ በዶክመንት፣ በፎቶና በሙዚቃ ፎልደሮችዎ፣ በዴስክቶፕዎም ተወስኖ ይቀራል፤ ኢንሃንስድ ግን ኮምፒውተሩን ሙሉ ያስሳል። የፋይሉን ስምና ቀን ብቻ ጽፎ እንዳያልፍ ይዘቱንም እንዲያነብ ይዘዙት። ለዓመታት ያልከፈቱት የአውትሉክ ደብዳቤ ካለም አይንፈጉት።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ማይክሮሶፍት እንደሚለው ኢንዴክሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚመዘግባቸው ፋይሎች መጠን 10 በመቶ አይሞላም። ተስፋ አይቁረጡ። ከ4 ኪሎባይት በታች የሆኑ ፋይሎች ሲበዙ ወይም የፕሮግራም ኮድ ሲመዘገብ ድርሻው ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ፕሮግራመር ከሆኑማ ታድለዋል! «ኖድ ሞጁልስ» የሚባለውን፣ የጻፈው ሰው እንኳ ተመልሶ የማያነባቸው ሺህ ምንተሺህ ቁርጥራጮች የታጨቁበትን ፎልደር እንዳለ ያስረክቡት። የተመዘገበው ፋይል ከ400,000 ሲያልፍ ማሽኑ መንቀራፈፍ ከጀመረ፣ ሥራው እየተሳካ ነው።

የሲ መስመር ቀይ ሲሆን ተጠያቂ አይፈልጉ። መዝገቡ «ፕሮግራምዳታ» በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ፣ በዊንዶውስ 10 «ዊንዶውስ.ኢዲቢ»፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ «ዊንዶውስ.ዲቢ» ተብሎ ተኝቷል፤ ይተኛ። ይልቅ የልጅዎን የክርስትና ፎቶዎች ያጥፉ። መዝገቡ አብሮ ይቀንሳል ብለው ግን አይስጉ፤ ከውስጡ የተሰረዘው ነገር ቦታው ባዶ ሆኖ እዚያው ይቀራል እንጂ ፋይሉ በራሱ ጊዜ አይከሳም። «ሪቢልድ» የምትለዋን ቁልፍ ብቻ አደራ እንዳይነኩ። አሮጌውን መዝገብ ጥላ ከባዶ ስለምትጀምር ስንት የደከሙበትን ታፈርስብዎታለች። መዝገቡን ወደ ዲ ድራይቭ የማዛወሪያ ምርጫም አለ፤ እሱንም እንዳላዩ ይለፉት።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ፋይል ሲያስፈልግዎ በሰርች አይፈልጉ። ለባልደረባዎ ይደውሉና «ያቺን ሪፖርት በቴሌግራም ድገመኝ» ይበሉት። «ሪፖርት የመጨረሻ የመጨረሻ (4)» ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ዱብ ሲል፣ ጸሐፊው ከእነ ቀዳሚዎቹ ሦስት ወንድሞቹ አንድም ቃል ሳያስቀር ይመዘግበዋል።