84 ኪሎ

ቮልስ ያለው ሰው መካሪ አያጣም። ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም የሚኒባሱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "ካርቡራቶሩን አስጠርገው!" ይልሃል። ለቅሶ ቤት ስትገባ ድንኳን ውስጥ አጠገብህ የተቀመጡት አዛውንት ሟቹን ትተው በወጣትነታቸው ስለነዷት ቮልስ ያጫውቱሃል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ቮልስ ካቻቢቴና ጥቂት መፍቻ ያለው ሰው ደጁ ላይ ፈትቶ የሚገጥማት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ የዚህን ሁሉ ባለቤት ምስክርነት ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። ውሸትም አይደለም፤ ቮላኖው ጋ እስክትደርስ።

የኔዋ የ1969 ሥሪት ናት። ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ከኋላ ቋ ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ዘይት ታንጠባጥብ ገባች። የሰፈራችን መካኒክ ዕድሜያቸውን ከቮልስ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ከማለት በቀር በስማቸው የሚጠራቸው የለም። መፍቻ እንኳ አላነሡም። ጎንበስ ብለው የሞተሩን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ መልሰው ገፉት። ቀጭ አለ።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ ጋሼ።"

"ባትሰማው ነበር ደግ።"

ሞተሩን ማውረድ እንደተባለውም ቀላል ነው። ሽቦውን፣ የነዳጅ ጎማውንና የጋዙን ገመድ ነቅለህ አራት ባለ 17 ቡሎን ከፈታህ በኋላ በክሪክ ዝቅ አድርገህ ከሥር መጎተት ነው። ፍሪሲዮኑን የተሸከመው ከባድ ባለ ጥርስ ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ሲታይ ነው ጋሼ ፊታቸውን ያጠቆሩት። በሌላው መኪና ቮላኖን ከክራንክ ሻፍት ጋር የሚያስሩት በዙሪያው የተደረደሩ ቡሎኖች ናቸው። በቮልስ ግን መሐሉ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ቡሎን ብቻ ነው፤ እንዳይሽከረከር ደግሞ አራት ፒኖች ይይዙታል። ከኔ በፊት መኪናዋን ያሠራ አንድ ሰው ይህን ቡሎን "ይበቃዋል" ብሎ ሳያጠብቅ ትቶት ኖሯል። ቮላኖው ከሥራው ጋር ሲነቃነቅ ከርሞ የፒኖቹን ቀዳዳዎች ሞላላ አድርጓቸዋል። ጥርሶቹም በሁለት ትይዩ ቦታዎች ተበልተዋል። ለዚህኛው ተጠያቂ የለም፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ሁልጊዜ ከሁለት ቦታ በአንዱ ነውና የሚቆመው፣ ሞተሪኖው ዕድሜ ልኩን እነዚያኑ ጥርሶች ሲነክስ ይኖራል።

መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ቮላኖውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ "የቮልስ ነው?" አልኩት። "ወንድሜ፣ ቮልስ ቮልስ ነው!" አለኝ። ጋሼ ግን ጠመኔ አንሥተው አንዱ ጥርስ ላይ ምልክት አደረጉና መቁጠር ጀመሩ፤ 109 ላይ አለቀ። የድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች 109 ጥርስ አላቸው፤ የኔዋ ባለ 12 ቮልት ስለሆነች 130 ነው የምትፈልገው። ፍሪሲዮኑም አንድ አይደለም፤ የድሮው ባለ 180 ሚሊሜትር ነው፣ የኔዋ ባለ 200። ሻጩ ዘንድ ስመለስ ወንድምነታችን አብቅቶ ነበር።

ትክክለኛውን ከጀርመን ያመጡልኝ አክስቴ ናቸው። ስምንት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ሻንጣቸው ውስጥ ሲገባ ሽቶና ጫማ የሚጠብቀው ዘመድ ድርሻ ወጣ፤ እስካሁን የሚያኮርፈኝ የአጎት ልጅ አለ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ "እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ቢላቸው "እኔ ምን አውቄልህ ልጄ! ቮላኖ ነው አሉኝ፤ አንተ ካወቅኸው ንገረኝ" አሉት።

ከዚህ በኋላ ነው የካቻቢቴው ዝና የሚያበቃው። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ መሆን አለበት። ከጠበበ ይነክሳል፤ ከሰፋ ያ ቀጭ ይመጣል። ልኩ የሚገኘው ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። በመጀመሪያ ዘይት የሚያግደውን ፓራሊዮ ሳትገጥም ሁለቱን ብቻ አስገብተህ ታስራለህ፤ ትለካለህ፤ ካገኘኸው ላይ 0.10 ትቀንሳለህ፤ የቀረው የሦስተኛው ቀለበት ውፍረት ነው። ጋሼ ከአንድ ቶርኖ ቤት ባለ መርፌ መለኪያ ተውሰው መጡ፤ መርፌዋ 0.44 አለች። የሚያስፈልገው ባለ 0.34 መሆኑ ነው። ቀለበቶቹን እንደ ገና ዳቦ በሁለት እጃቸው ይዘው እያንዳንዱን ለኩት፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አላመኑም።

ከፀጉር ጋር ከሚወዳደረው ልክ ወደ ጉልበቱ ሥራ ተሻገርን። ሦስተኛው ቀለበትና ፓራሊዮው ገቡ፤ ትልቁ ቡሎን የሚጠብቀው በ35 ኪሎ ግራም ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። ይህን የሚለካ መፍቻ በሰፈሩ የለም። ጋሼ አንግል ብረት በሁለት ቡሎን ቮላኖው ላይ አስረው ጫፉን መሬት አስደገፉ፤ ባለ 36 ቡሶላው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰኩና ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ። ዓይናቸው ያረፈው ሊመክር በመጣው ጎረቤታችን ላይ ነው።

"ስንት ኪሎ ነህ?"

"ሰባ... ሰባ ምናምን።"

"ምናምኑ ነው የሚያስፈልገኝ!"

ደጅ ላይ "ክብደት! ክብደት!" የሚል ልጅ ሲያልፍ ተጠርቶ ገባ። ሚዛኑን ግቢው ሲሚንቶ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ ጎረቤታችን ጫማውንም ጃኬቱንም አወለቀ፤ ቁልፉንና ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። "84!" አለ ልጁ፣ ሰፈር እስኪሰማ። ጋሼ 35ን ለ84 አካፈሉ፤ ሜትራቸውን ከቡሎኑ መሐል ዘርግተው ቧንቧው ላይ 42 ሳንቲሜትር ዘንድ በጠመኔ አሰመሩ። እኔ ሞተሩ እንዳይነቃነቅ ተጭኜ ያዝኩት። ጎረቤታችን የኔን ትከሻ ይዞ ምልክቱ ላይ በአንድ እግሩ ቆመ። ቧንቧው እየተንቋቋ ወረደ፤ ጋሼ "ውረድ!" ብለው መልሰው ከፍ አደረጉት፤ ልኩ የሚሠራው አግድም ሲሆን ነው። ደግሞ ወጣ። እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻ ቆመበት፤ ቧንቧው አግድም እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።

"የቧንቧውስ ክብደት?" አልኩ።

"እሱን ለአንተ መርቄልሃለሁ" አሉ ጋሼ።

መርፌዋ እንደገና ተተከለች፤ 0.10 አለች። ጋሼ ከጨርቅ ውስጥ ከአሮጌ ካምቢዮ የተቆረጠ ዘንግ አወጡ። ለማንም አያውሱትም። ዘንጉን በፍሪሲዮኑ ሸራ መሐል አሳልፈው ትልቁ ቡሎን ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ድረስ ሰደዱት፤ ሸራው መሐሉን ሲይዝ ሽፋኑን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ። ይህ ካልተደረገ ሞተሩ ካምቢዮው ጋ ደርሶ አሻፈረኝ ይላል፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ ገፋነው፣ ገባ። ሞተሪኖው አዲሶቹን ጥርሶች ነክሶ ሞተሩን አስነሣ። ፑሌጃውን ስስበው ዝም ነው።

ጣጣው የወጣው ሌላ ቦታ ነው። "84!" የሚለውን ጩኸት የጎረቤታችን ባለቤት በአጥር ሰምተው ኖሮ እራቱ ከዚያ ማታ ጀምሮ ተቀነሰ፤ ሁዳዴ ሲገባ ጭራሽ ጠበቀ። አሁን 79 ነው፤ ልጁ መዝኖታል። ሌላ ቮልስ ቢመጣ ምልክቱ ወደ 44 ሳንቲሜትር መሄድ አለበት ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ተወው፣ ፋሲካ ይለፍ" አሉኝ።