ጠረጴዛውና ነጠላው

የቤታችን ጠረጴዛ ለአራት ሰው የተሠራ ነው። ጠዋት ቁርስ ይበላበታል፣ ከሰዓት ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠሩበታል፣ ማታ ብርድ ልብስ ይነጠፍበትና ልብስ ይተኮስበታል። የካውያ ጠባሳ አለበት፤ አንደኛው እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን ተወትፏል። የካቲት 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ይህን ጠረጴዛ የፍቅረኞች ቀን ማዕድ ላደርገው ተነሣሁ።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዓመት ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ውሃ ፈረቃ ብቻ ሆኖ ነበር። አንዳችን ስንበላ ሌላችን ልጅ እናስተኛለን። ፊት ለፊት ተቀምጠን ከተያየን ቆይተናል፤ ናፍቃኝ ነበር፤ አብራኝ እየኖረች ናፍቃኝ ነበር።

ልጆቹን እህቴ ከትምህርት ቤት ወስዳ እሷ ዘንድ አሳደረቻቸው። ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም። ሥጋውን የገዛሁት እሑድ ነው። የሥጋ ቤቱ ወረፋ በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። ምን ተገኘ ብዬ አልጠየቅሁም።

ሰኞ በጊዜ ከሥራ ወጥቼ አበባ ፍለጋ ሄድኩ። ጽጌረዳ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ወደ ውጭ አበባ የምትልክ ናት፤ ይህ ቀን ሲቃረብ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ዕረፍት የላቸውም። አበባ ሻጯ እያሳየች አስረዳችኝ፤ የደጋው ጽጌረዳ ብርዱ ቀስ አድርጎ ስለሚያሳድገው ራሱ ትልቅ ነው፣ ሞቃት አገር የበቀለው ያንሳል። ትልቁን መረጥኩ፤ ግንዱም ረዥም ነበር።

ቤት ገብቼ በውሃ ጆግ ውስጥ አቆምኩት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብሞክረው ከፊቴ ያለው ወንበር ጭራሽ አይታይም። እሷን ላይ ብዬ ያዘጋጀሁት ጠረጴዛ እሷኑ ሊጋርድብኝ ነው። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ጡጫዬን መለኪያ አደረግሁ፤ ከዚያ ከፍ ያለ አበባ ፊት ይሸፍናል። ግንዱን በሰያፍ ቆረጥኩት፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ አበባውን ቶሎ ስለሚያጠወልገው የታችኛውን ቅጠል ሁሉ መለመልኩ፤ ሦስት ሦስቱን በሻይ ብርጭቆ ደረደርኩ።

የላስቲኩን የጠረጴዛ ልብስ አንሥቼ ቁም ሣጥን ስከፍት ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ ተጣጥፎ አየሁ። ከአበባው ጋር የተሠራ ይመስል ነበር። አነጠፍኩት። አራት ነጭ ሻማ አበራሁ፤ የጥብሱ ጭስ እንዲወጣ መስኮቱን ገርበብ አደረግሁና መብራቱን አጠፋሁ።

እሷ የምትመጣው አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ተኩል ሆነ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተከፈተ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሁለት እጇ ሁለት እሽግ ሻማ ይዛ ቆመች።

«ካርዱ አልቆ ነው? ልጆቹስ? ፈሩ?»

ከታች ሆና መስኮታችንን አይታ ነበር። የጎረቤት ሁሉ በርቷል፣ የእኛ ብቻ ሻማ ይብለጨለጫል። የቆጣሪው ካርድ አልቆ ልጆቹ በጨለማ ተቀምጠዋል ብላ ደረጃውን ሳትወጣ ተመለሰች። የሰፈሩ ሱቅ ሻማ አልነበረውም፤ እስከ ታክሲ ማዞሪያው በእግሯ ሄደች።

ነገርኳት። ዝም ብላ አበቦቹን በጣቷ ነካካች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ የጥብሱ ሽታ ደረሳት።

«ውዴ፣ ነነዌ ገባ እኮ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ገብታ ሦስት ቀን ትጾማለች፤ ቀኗ ግን ከዓመት ዓመት ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው መካከል ትመላለሳለች። በ2014 ዓ.ም. የገባችው የካቲት 7 ነበር። የእሑዱ ወረፋ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥብሱ ወደ ፍሪጅ ሄደ፣ ሽሮ ተጣደ። እሷ ሽንኩርት ከተፈች፣ እኔ አማሰልኩ፤ አጠገብ ለአጠገብ ሆነን በላን።

ስናነሣ ነው ሌላው የታየው። ነጠላው በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው የምትሄደው ነበር፤ ከመስኮቱ የገባው ነፋስ ሻማዎቹን ወደ አንድ ወገን አቅልጦ ጥለቱ ላይ ሰም አንጠባጥቧል። ደነገጥኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ሰሙ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ በቢላ ጀርባ ቀስ ብለን ፋቅነው። ከዚያ ብርድ ልብሱ ተነጠፈ፤ ከላይና ከታች ሶፍት አድርገን ለብ ባለ ካውያ ተኮስነው። ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ሶፍቱ ይመጠዋል። እሷ ወረቀቱን ትለውጣለች፣ እኔ እተኩሳለሁ። ግንባራችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

እዚያ ላይ ነው ያወራችው። በተጋባን ዓመት የተከራየናት ክፍል ትዝ አለቻት። አከራያችን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ያጠፉብን ነበር፤ ሻማ የምገዛው እኔ ነበርኩ። «ጨለማ ውስጥ አስቀምጠኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው ብዬ ሮጥኩ» አለችኝ። ይህን በዚያን ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም።

ማዕድ ስንል የእንጨቱን ዕቃ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የቀረበውንም የተሰበሰበውንም ሰው ነው። ጠረጴዛውን እኔ አሰናዳሁት፤ ማዕዱ ግን የሞላው ያ ሻማ በእሷ እጅ በሩን ሲያልፍ ነው።

ዛሬም በየዓመቱ አሰናዳለሁ፤ ቢደከምለት የሚገባው ነገር ነው። አበባው አጭር፣ ሻማው ከመስኮት የራቀ፣ ራቱም የጾሙ ቀን ተጠይቆ የሚሠራ ሆኗል። ሻማውን ከመለኮሴ በፊት ደግሞ እደውልላታለሁ፦ «መብራት አልጠፋም፤ ቀስ ብለሽ ነይ።»