አገጭ አይቶ ጥርስ መፍረድ

«ይሄ ልጅ አገጩ ትንሽ ነው፤ የጥበብ ጥርሱ መውጫ አያገኝም!» አሉ ጋሼ፣ ቡናቸውን ፉት ብለው።

«ጋሼ፣ አገጭ ያለው ከፊት፣ የጥበብ ጥርስ የሚወጣው ከኋላ። ምን አገናኛቸው?»

«ታዲያ አንተ በምን ታውቃለህ?»

«እኔማ አላውቅም። ራጅ ይነሣ ነው የምለው።»

ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ አገጩን በመዳፉ ሸፈነ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው በፊቱ ላይ ለበሽታ ትንቢት ሲነገርበት ዝም ብዬ አላልፍም፤ በተለይ ትንቢቱ ቦታውን ሲስት።

ቦታው የት ነው? የታችኛው መንጋጭላ ከአገጭ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄድና ጆሮ ሥር ሲቃረብ ሽቅብ ይታጠፋል። ሽቅብ የወጣው አጥንት የፊት ጠርዝ የጥርሶች ሁሉ የመጨረሻ ድንበር ነው። ከሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ እስከዚያ ድንበር ድረስ ምን ያህል ክፍት ቦታ አለ? የጥበብ ጥርስ ነገር የሚለየው እዚያች ላይ ነው። በልጅነት ቦታው ጭራሽ የለም። መንጋጭላ ሲያድግ ከዚያ ሽቅብ አጥንት የፊት ጠርዝ እየተበላ፣ በኋላ ጠርዙ ደግሞ አዲስ አጥንት እየተጨመረ ወደ ኋላ ይረዝማል። የመጀመሪያው መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ፣ ሁለተኛው በ12 ገደማ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ሦስተኛው፣ ማለትም የጥበብ ጥርሱ፣ ከ17 እስከ 25 ባለው ዕድሜ ብቅ ሲል አጥንቱ በበቂ ካልተበላለት ወይ ይጋደማል፣ ወይ በግማሽ ወጥቶ ይቀራል፣ ወይ እዚያው እንደተቀበረ ይኖራል።

«እንግዲያው ጥርሱ ነው ጥፋተኛ!» ይለኛል ደግሞ ሌላው።

ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ አራተኛ ሲጨምር ጥፋተኛው አራተኛው ተሳፋሪ ነው? ወንበሩን ለካ!

ወንበሩን በወጉ የለካው ዴንማርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም አርነ ቢዮርክ ነው። በልጆች መንጋጭላ ውስጥ ቅንጣት የብረት ምልክቶችን አስቀምጦ፣ ዓመት ዓመት ራጅ እያነሣ፣ አጥንቱ ከምልክቶቹ አንጻር በየት በኩል እንደሚያድግ ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ ጥበብ ጥርስ ባወጣው ጥናት ቦታ የሚያሳጡ ነገሮችን ዘረዘረ፤ የመንጋጭላው ማጠር፣ መንጋጭላ ጆሮ ሥር የሚገጥምበት አንጓ ወደ ኋላ ከማደግ ይልቅ ሽቅብ ማደጉ፣ ጥርሶች ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ኋላ ማዘንበላቸው፣ የጥርሱ ራሱ ዘግይቶ መብሰል።

እዚህ ላይ «አየህ! የፊት ቅርጽ ነው አላልኩህም?» ብለው የሚዘሉብኝ አሉ። ቆዩ እንጂ፣ አልጨረስኩም። አንጓው ሽቅብ የሚያድግበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ አጠር፣ ሰፋ፣ መንጋጭላው ደንደን ያለ ነው። በቢዮርክ ሐሳብ ብቻ ከሄድን የጥበብ ጥርስ ይበልጥ ማስቸገር ያለበት እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ብሬክና ግሩቦር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በፊት ቅርጻቸው ከፍለው ራጃቸውን ሲመረምሩ ግን ተቃራኒውን አገኙ፤ ሰፊና አጭር ፊት ባላቸው ሰዎች ላይ የታችኛው የጥበብ ጥርስ ተቀብሮ የመቅረቱ ነገር፣ ረጅምና ጠባብ ፊት ካላቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን መንጋጭላ ሲለኩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ፊት ላይ ሁለት ዓይነት ነገር እያነበቡ፣ ጋሼ በአንድ ስኒ ቡና ፈረዱ! ቅርጽ ድርሻ አለው፣ እሱን አልክድም። ግን የመንጋጭላው ርዝመት፣ የጥርሶቹ ስፋትና የሚያድጉበት አቅጣጫ ተደማምረው የሚሠሩትን ሥራ ከአገጭ ላይ ማንበብ አይቻልም። ትልልቅ ጥርስ በረጅም መንጋጭላ ላይም ቦታ ይጨርሳል።

«ድሮ ሰው ጥሬ ይቆረጥም ስለነበር ነው ደህና የነበረው» የሚሉኝን ግን አልተርባቸውም፤ ከእውነት ብዙ አልራቁም። ድንቅነሽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት የመጨረሻ መንጋጋዎቿ በቦታቸው ወጥተው መበላት ጀምረው ነበር፤ አዋቂ መሆኗ ከታወቀባቸው ምልክቶች አንዱም ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት አነሰ፣ ምግቡም ለሰለሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ነገሩን በሽኮኮ ሞከሩት፤ እኛ ገደል ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምናያት ያችው ሽኮኮ። ፊቷ እንደ ሰው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ነው የተመረጠችው። ግማሾቹ የበሰለና ለስላሳ ምግብ፣ ግማሾቹ ጥሬና ደረቅ እየበሉ አደጉ። ለስላሳ የበሉት የፊታቸው የታችኛውና የኋለኛው ክፍል በ10 ከመቶ ገደማ ያነሰ አደገ። አያችሁ፣ ያነሰው ጥበብ ጥርስ የሚፈልገው ያው ጥግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ኖሪን ፎን ክራሞን-ታውባደል የተባለች ተመራማሪ ከተለያየ ዓለም የተሰበሰቡ የራስ ቅሎችን ለክታ፣ የገበሬ ሕዝቦች መንጋጭላ ከአዳኝና ለቃሚዎቹ ይልቅ አጠር ያለ መሆኑን አሳይታለች።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቆሎ ልቆርጥም!» አለኝ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ።

«ቆርጥም ወንድሜ፣ ጤና ይስጥህ። መንጋጭላህ ግን ማደጉን ጨርሷል፤ ቆሎው ቦታ አያመጣልህም።»

«ለልጄስ?»

«ለልጅህ ሥጋውን፣ ካሮቱን፣ ዳቦውን ሁሉ አላምጠህ አታጉርሰው፤ ራሱ ያላምጥ። ቆሎና ለውዝ ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ ትንታ ይገድላል።»

አንዷ ደግሞ መስተዋት ፊት ቆማ «የፊት ጥርሶቼን ያጣመመብኝ የጥበብ ጥርሴ ነው፤ ገፍቶ ገፍቶ» ትላለች። እህቴ፣ የጥበብ ጥርስ ጭራሽ ሳይፈጠርላቸው የሚያድጉ ሰዎች አሉ፤ የእነሱም የታችኛው የፊት ጥርስ ከዕድሜ ጋር ይደራረባል። እነሱን ማን ገፋቸው? እንግሊዝ አገር ሃራዲንና ባልደረቦቹ ግማሹን ሰው አስነቅለው፣ ግማሹን ትተው ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ፣ የፊት ጥርስ እንዳይጣመም ተብሎ የጥበብ ጥርስ መንቀል አያዋጣም ብለው እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፈዋል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው መመሪያ፣ ችግር ያላመጣን የተቀበረ ጥርስ እንዲሁ መንቀል ይቅር ብላለች።

ይሄን ስል «ስለዚህ ተወው፣ ይበርድልሃል» የሚለው ወገን ደስ ይለዋል። አንተም ቆይ! በግማሽ የወጣ ጥርስ ላይ የድድ ቁራጭ እንደ ክዳን ይቀራል። ከሥሩ የእንጀራ ፍርፋሪ ይገባል፣ ብሩሽ አይደርስበትም፣ ያብጣል፣ የላይኛው ጥርስ ደግሞ ያበጠውን ይነክሰዋል። በማግሥቱ አፍ የሚከፈተው ለማንኪያ ብቻ ነው። ቅርንፉድ ነክሰህ ብትውል ሕመሙን ለሰዓታት ያደነዝዘዋል እንጂ ከክዳኑ ሥር ያለውን አያወጣም። ፋርማሲ ሄደህ በግምት የምትገዛው መድኃኒትም ጥርሱን አያቃናውም። አፍህ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተህ፣ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ። ነገ አትበል! ከመንጋጭላ ሥር ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት ትንፋሽ ይዘጋል።

እናት መጡ። «ልጄ ፊቷ ቀጭን ነው፣ ገና 18 ዓመቷ ነው። አስቀድመን እናስነቅልላት ይሆን?»

«እትዬ፣ መንጋጭላዋን ሙሉ የሚያሳይ ራጅ ይነሣላት። ይዘውት ሐኪሙ ዘንድ ይግቡና በጣትዎ እያሳዩ ይጠይቁ። የተጋደመው ጥርስ ከፊቱ ያለውን መንጋጋ ነክቷል? ከነካውስ አበስብሶታል? ከታች እንደ ጥላ የሚያልፈውን ቦይ ያያሉ፣ ዳርና ዳሩ ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመር ነው፤ የታችኛው ከንፈርና የአገጭ ስሜት የሚመጣው በዚያ በሚያልፈው ነርቭ ነው። የጥርሱ ሥር ምን ያህል ይርቀዋል? ሥሩ በወጣትነት ማደጉን ገና አይጨርስም፣ አጥንቱም ለስላሳ ነው፤ መነቀል ካለበት በ20ዎቹ መጀመሪያ ከ40 ዓመት ይሻላል። ሥሩ ነርቩን ከነካ ሲቲ ስካን ማንሣት ያስፈልጋል ወይ? የጥርሱን የላይኛውን አካል ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው ይቻላል ወይ? ምንም ካልነካና ካላመማት ደግሞ በስንት ጊዜ ትታይ?»

«ይሄን ሁሉ ጠይቄ ሐኪሙ ቢቆጣኝስ?»

«ከተቆጣ ራጁን ተቀብለው ሌላ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ራጁ የልጅዎ ነው።»