ይድረስ ለክብርት የድምፅ ረዳት

ጉዳዩ፦ የበረራ መረጃ ስለመከልከል

ክብርት ሆይ፦ ስምዎን ስላልነገሩኝ በማዕረግዎ ብቻ ብጠራዎት ይቅር ይበሉኝ። የቀጠረዎትን አየር መንገድም አልጠራም። ዛሬ እንደ እርስዎ ያለ ድምፅ ከስልኩ ጫፍ ያላስቀመጠ ጥቂት ነውና፣ ሁሉም ለእኔ ተጻፈ ብሎ ቢያነበው አይከፋኝም።

አስቀድሜ ትሕትናዎን ላመስግን። ሌሊት ቢሆን ቀን፣ ጾም ቢሆን ፋሲካ፣ ስደውል ያነሣሉ። አይቆጡም፤ አያዛጉም። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» ይሉኝና ሙዚቃ ይጋብዙኛል። እኔ የፈለግሁት ግን ሙዚቃ አልነበረም። እናቴ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ትራንዚት አድርጋ ወደ ዋሽንግተን ትመጣለች፤ ሁለተኛው አውሮፕላን በሰዓቱ ይነሣል ወይስ አይነሣም? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

እርስዎ ደግሞ በእንግሊዝኛ የቤተሰብ ስም አምጣ አሉኝ። እናቴ የራሷ ስም፣ የአባቷ ስምና የአያቷ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የላትም። ቲኬቱን የቆረጠው ወኪል ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጨረሻው ሣጥን ውስጥ ከቶታል፤ የትኛውን እንደሆነ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። በአባቷ ስም ጀመርኩ። «ጸጋዬ» ስል ምን እንደሰሙ እንጃ፣ ፊደል በፊደል ይናገሩ አሉኝ። ታንጎ፣ ሲየራ፣ ኤኮ፣ ጎልፍ፣ አልፋ፣ ያንኪ፣ ኤኮ… ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ አብራሪ ሆኜ አመሸሁ። የለም አሉ። ወደ አያቷ ዞርኩ፤ ወልደ ገብርኤል። እሱም በመዝገባችሁ ሁለቱ ቃላት ተጨፍልቀው አንድ ሆነው ኖሯል፤ በዚያ ላይ «ወይዘሮ» ለማለት የሚጻፈው የእንግሊዝኛ ማዕረግ ከስሟ ጭራ ተለጥፎ ክርስትና የተነሣችበት መስሏል።

በእርስዎ ብቻ አልፈርድም፤ ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሲ. አር. ስሚዝ፣ ሌላው የአይቢኤም ሻጭ ብሌየር ስሚዝ ነበሩ። የዚያ ቀን ጨዋታቸው ውሎ አድሮ ሴበር የተባለውን የኮምፒውተር የመቀመጫ ማስያዣ ወለደ፤ በ1960ዎቹም ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ስሚዞች የጠነሰሱት ነገር የቤተሰብ ስም ካላመጣችሁ ቢለን ምን ይገርማል? ከሁለቱ አንዱ የጎጃም ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እርስዎ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?» ብለው ይጠይቁን ነበር።

የሚገርመው፣ ለእኔ እንዲህ የጠበቀው በር ለሌላው ብርግድ ያለ መሆኑ ነው። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያላት የቡኪንግ ኮድና አንድ ስም ያለው ሰው የመንገደኛውን ጉዳይ ሁሉ ያያል። ኮዷ ደግሞ እንደ ምሥጢር አትያዝም፤ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ታትማ ትዞራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሃምቡርግ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪዎች ይህ መቆለፊያ ምን ያህል የላላ እንደሆነ በአደባባይ አሳይተው ነበር። በ2020 የአውስትራሊያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ሲለጥፉ፣ አንድ የኮምፒውተር አዋቂ ኮዷን ከፎቶው አንብቦ የፓስፖርት ቁጥራቸው ድረስ ዘለቀ። እሱ የጠቅላይ ሚኒስትር ፓስፖርት አገኘ፤ እኔ የገዛ እናቴን በረራ አጣሁ። ስማቸው አቦት መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልበል። ቲኬቱ «ረቡዕ 00:30» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ለረቡዕ አጥቢያ። እርስዎ ግን «ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብለው በእንግሊዝኛ ያነቡታል። ይህን የሰማች አክስት ረቡዕ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል በርበሬውንና ሽሮውን አሳስራ ቦሌ ትደርሳለች፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ከአዲስ አበባ በሌሊት መንገደኛ የሚጭን አየር መንገድ ለዚህ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይቸግረዋል? አማርኛ አይገባንም እንዳትሉ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ተርታ አማርኛን አስገብቶታል። ሽያጩን እኮ በአማርኛ ታስተዋውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በስንት መከራ መዝገቡ ተገኘና «በረራው በሰዓቱ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እኔ ስልኬ ላይ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። አውሮፕላኖች ኤዲኤስ-ቢ በሚባል መሣሪያ ያሉበትን ቦታና ከፍታ በየጊዜው በሬድዮ ይናገራሉ፤ ጣራው ላይ ትንሽ መቀበያ የሰቀለ ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል። ሁለት ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ የጀመሩት ፍላይትራዳር24 የእነዚህን በጎ ፈቃደኞች ወሬ ሰብስቦ ካርታ ላይ ያሰፍራል። እናቴን ይጭናል የተባለው አውሮፕላን በዚያ ካርታ ላይ ገና ባሕር ላይ ነበር። ሊነሣ ግማሽ ሰዓት የቀረው አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ሆኖ እንዴት ነው በሰዓቱ የሆነው? ጣራው ላይ አንቴና የሰቀለ ጡረተኛ ያወቀውን ባለቤቱ አየር መንገድ አላወቀም ብዬ እንዳምን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ከ15 ደቂቃ በታች የዘገየ በረራ በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ ይሁን፣ ደቂቃ አልቆጥርባችሁም። እኔን ያሳረረኝ መረጃው እያለ መነፈጌ ነው። ጌታው እልፍኝ ተቀምጠው «የሉም» የሚል ዘበኛ አይተው ያውቃሉ? እርስዎ ያ ዘበኛ ነዎት። የቆሙት ለእኛ ሊነግሩ ሳይሆን እኛን ከደጅ ሊመልሱ ነው፤ ሰው ለማግኘት ዜሮን ደጋግሜ ስጫን ወደ መጀመሪያው የሚመልሱኝም ለዚሁ ነው።

ጌቶችዎ ግን ለእርስዎም አይመለሱም፤ ይህን የምጽፈው በወዳጅነት ነው። ካናዳ ውስጥ አንድ መንገደኛ አያቱ ሞታበት የኤር ካናዳን የጽሑፍ ረዳት ስለ ሐዘን ቅናሽ ጠየቀ፤ ረዳቱም ቲኬቱን ከገዛህ በኋላ ማመልከት ትችላለህ አለው። ሐሰት ነበር። ነገሩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዳኝነት ፊት ሲቀርብ አየር መንገዱ ረዳቱ ለሥራው ራሱ ኃላፊ ነው ብሎ እስከ መከራከር ደረሰ። ዳኛው አልተቀበለውም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኩባንያው 650 የካናዳ ዶላር ከ88 ሳንቲም ካሣ እንዲከፍል፣ ወለዱና የክሱ ወጪም እንዲታከል ወሰነ። እመቤቴ፣ ደመወዝ ሳይቆርጡልዎት ዕዳ ሊያሸክሙዎት እንደሚከጅሉ ከዚህ ይማሩ።

እናቴ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ እግሯ አብጦ ገባች። እርስዎም አየር መንገዱም ስለ ካሣ አንድ ቃል አልተነፈሳችሁም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ግን መንገደኛው መብቱን በጽሑፍ እንዲነገረው ያዝዛል።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ከሆነ ባሕር ላይ ነው ይበሉ። የአባትንም የአያትንም ስም ይቀበሉ። የሌሊቱን በረራ ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ ብለው በአማርኛ ያንብቡ። ይህ ሁሉ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ዜሮን ስንጫን ሰው ያገናኙን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለመንገደኞችና ለተቀባዮች
ቦርዲንግ ፓሳችሁን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ወደ ኤርፖርት ከመውጣታችሁ በፊት አውሮፕላኑ ከየት እየመጣ እንደሆነ በካርታው ላይ እዩ። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የተነሣ በረራ መድረሻው 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ አለው፤ በጽሑፍ ጠይቁ።